የቲም ፋይል የት ይቀመጥ? በዎርድፕረስ ላይ ስለ ፋይሎች አደረጃጀት

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በአቃቂ ዙሪያ ላሉ ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮችና ብሎኬት አምራቾች ድረ ገጽ የምንሠራ ባለሙያዎች ሥራውን ከባዶ የምንጀምርበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኛው የሚደርሰን አንድ ሰው ጀምሮት፣ ሌላው ቀጥሎበት፣ ከዚያ ባለቤቱ «እስቲ አንተ ደግሞ ያዝልን» ብሎ የሚያስረክበን ሥራ ነው። የይለፍ ቃሉን ተቀብለን ወደ ቲሙ ፎልደር ስንገባ የምናገኘው የፋይል አቀማመጥ፣ መጪዎቹን ሳምንታት በሥራ እናሳልፍ ወይም በፍለጋ እንጨርስ እንደሆነ አስቀድሞ ይነግረናል። በዚህ ጽሑፍ ማስረዳት የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በቲም ውስጥ የማንኛውም ነገር ቦታ መወሰን ያለበት ያ ነገር መቼ እንደሚለወጥና ማን እንደሚለውጠው በመጠየቅ ነው።

ለአዲስ አንባቢ ያህል፣ ዎርድፕረስ ድረ ገጽን ለመሥራትና ለማስተዳደር የሚያገለግል ሶፍትዌር ነው፤ ቲም የምንለው የድረ ገጹን መልክ የሚወስነውን የፋይሎች ስብስብ ሲሆን፣ ቴምፕሌት ደግሞ በዚያ ስብስብ ውስጥ አንድን ዓይነት ገጽ፣ ለምሳሌ ዜናን ወይም የፍለጋ ውጤትን፣ አዋቅሮ የሚያወጣው ፋይል ነው። ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ ቲም የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ቲም የመጣው በ2005 ከወጣው 1.5 ስሪት ጀምሮ ነው። የዛሬው ዎርድፕረስ ጽሑፉና መረጃው በዳታቤዝ፣ መልኩ በቲም፣ ተጨማሪው አሠራር ደግሞ በፕለጊን እንዲቀመጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ይህ ክፍፍል ሲፈርስ ነው፤ ሥርዓቱም ሲፈርስ አይከለክልም።

የትምህርት ቤት ድረ ገጽን እንውሰድ። የምዝገባ ማስታወቂያውን ጸሐፊዋ በየጊዜው ስለምትለውጠው ቦታው ዳታቤዝ ነው፤ ለመለወጥም ከዳሽቦርዱ (ከማስተዳደሪያው ገጽ) በላይ ሌላ ነገር ሊያስፈልጋት አይገባም። የርዕሱን ቀለምና የአምዶቹን ስፋት የሚለውጠው ባለሙያ ነው፣ የሚለወጡትም መልኩ ሲታደስ ስለሆነ ቦታቸው ቲም ነው። «መምህራን» የሚል የራሱ የጽሑፍ ዓይነት፣ በእንግሊዝኛው አጠራር ከስተም ፖስት ታይፕ የምንለው፣ ከተፈጠረ ግን ቲሙ ተቀይሮም መቆየት ስላለበት ቦታው ፕለጊን ነው። ብዙዎች ይህን የመጨረሻውን «ፋንክሽንስ» በሚባለው የቲሙ ፋይል ውስጥ ይጽፉታል፤ ቀን አልፎ ቲሙ ሲቀየር የመምህራኑ ዝርዝር በሙሉ ከዳሽቦርዱ ይሰወራል። መረጃው በዳታቤዙ ውስጥ አለ፤ አለ ብሎ የሚያስመዘግበው ኮድ ግን ከአሮጌው ቲም ጋር ሄዷል። ባለቤቱ ይህን ሲያይ የሚያስበው መረጃው እንደጠፋ ነው፤ እንዲህ ማሰቡም አይፈረድበትም።

በቅርቡ የተረከብኩት የአንድ ትምህርት ቤት ድረ ገጽ ጉዳዩን በደንብ ያሳያል። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ደውለው «ወንድሜ፣ አዲሱ ስልካችን መነሻ ገጹ ላይ ተቀይሯል፤ ዜና ሲከፈት ግን አሁንም የድሮው ነው ያለው። ወላጆች በድሮው እየደወሉ አይነሳም ይሉናል» አሉኝ። «እሺ እትዬ፣ አየዋለሁ» ብዬ የቲሙን ፎልደር ስከፍት «ሄደር»፣ «ሄደር-ኒው»፣ «ሄደር-2» እና «ሄደር-ፋይናል» የሚባሉ አራት ፋይሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ዎርድፕረስ ላይ የገጹን አናት የሚጠራው ትእዛዝ በቅንፍ ውስጥ ስም ሲሰጠው ያንን ስም የያዘውን ፋይል ያመጣል፤ «ኒው» ከተባለ «ሄደር-ኒው»ን፣ ምንም ካልተባለ «ሄደር»ን። በዚህ ቲም መነሻ ገጹ ዋናውን፣ የዜና ገጹ «ሄደር-ኒው»ን፣ የምዝገባ ገጹ ደግሞ «ሄደር-2»ን ይጠሩ ነበር። ስልክ ቁጥሩ በየፋይሉ በእጅ ተጽፏል። «ሄደር-ፋይናል»ን የሚጠራው ማንም አልነበረም፤ ይህን ለማረጋገጥ ግን ስሙን በቲሙ ፋይሎች ሁሉ ውስጥ መፈለግ የግድ ነው፤ ሳይፈልጉ መሰረዝ አደጋ አለው፣ ሳይሰርዙ መተውም ለቀጣዩ ሰው ያንኑ ፍለጋ ማውረስ ነው።

መፍትሔው ሁለት እርምጃ ነበረው። የመጀመሪያው ስልክ ቁጥሩን ከፋይል አውጥቶ ጸሐፊዋ ራሳቸው ከዳሽቦርድ ሊለውጡት ወደሚችሉት ማስተካከያ ማዛወር ነው፤ ስልክ ቁጥር ከመጀመሪያውም የመልክ ጉዳይ አይደለም። ሁለተኛው ሄደሮቹን ወደ አንድ ማጠቃለል ነው። በሦስቱ መካከል የነበረው እውነተኛ ልዩነት የምዝገባ ገጹ ምናሌ አጠር ማለቱ ብቻ ስለነበር፣ ያንን ክፍል ብቻ ነጥሎ ትንሽ ፋይል ማድረግ በቂ ሆነ። ስለ ቀድሞው ባለሙያ ክፉ የምናገረው የለኝም። ባለቤቱ «ሞክረው፣ ካላማረን ወደ ድሮው እንመለሳለን» ሲል ፋይሉን ቀድቶ ማስቀመጥ የሁላችንም የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ ወደ ድሮው የመመለስ ሥራ ግን የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ የሚይዘው መሣሪያ የጊት ነው፣ የፋይል ስም አይደለም። ጊት ያለበት ቲም ውስጥ «ኒው»፣ «ኦልድ»፣ «ፋይናል» እና «ኮፒ» የሚሉ ቅጥያዎች ምንም ቦታ ሊኖራቸው አይገባም።

የቴምፕሌት ፋይሎችን ስም በተመለከተ ዎርድፕረስ የራሱ ደንብ አለው፤ አደረጃጀትን የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ይህን ደንብ ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። አንድ ዜና ሲከፈት ሥርዓቱ መጀመሪያ የሚፈልገው ለዚያ አንድ ጽሑፍ ብቻ የተዘጋጀ ፋይል ካለ እሱን ነው፤ ከሌለ የጽሑፉን ዓይነት የሚጠቅሰውን፣ ለምሳሌ «ሲንግል-ኒውስ»ን ያያል፤ ቀጥሎ «ሲንግል»ን፣ ከዚያ «ሲንጉላር»ን፣ ሁሉም ከታጡ «ኢንዴክስ»ን ይወስዳል። ለምድብ ገጽም የምድቡን ስለግ፣ ማለትም በአድራሻው ላይ የሚታየውን አጭር መጠሪያ፣ ከያዘው ፋይል ተነሥቶ፣ በመለያ ቁጥሩ በኩል ወደ «ካታጎሪ»፣ ከዚያ ወደ «አርካይቭ»፣ በመጨረሻም እንደገና ወደ «ኢንዴክስ» ይወርዳል። ፍለጋው ከልዩ ወደ አጠቃላይ የሚሄድ ነው፤ በኮንዶሚኒየም ሰፈር እንግዳ መጀመሪያ በሩን፣ ሲያጣው ፎቁን፣ ሲያጣው ብሎኩን ጠይቆ በመጨረሻ ጥበቃው ዘንድ እንደሚደርስ ማለት ነው። «ኢንዴክስ» በነባሩ ዓይነት ቲም (አዲሱን፣ በብሎክ የሚሠራውን፣ ወደ መጨረሻው አነሣዋለሁ) ውስጥ የግድ የሆነው፣ ሌላው ሁሉ ሲታጣ ገጹን የሚያወጣው እሱ ስለሆነ ነው።

ከዚህ ደንብ የሚከተል አንድ ነገር ብዙዎችን ያሳስታል። በነባሩ ዓይነት ቲም እነዚህ ፋይሎች የሚፈለጉት በቲሙ ዋና ፎልደር ውስጥ ብቻ ነው። አንድ ሥርዓት ወዳድ ሰው «ሲንግል»ንና «አርካይቭ»ን ሰብስቦ «ቴምፕሌትስ» በሚል ፎልደር ቢያስገባቸው ድረ ገጹ የስህተት መልእክት አያወጣም፤ ዝም ብሎ ወደ «ኢንዴክስ» ይወርዳል፣ የዜናው ገጽም መልኩን ይቀይራል። በአንጻሩ ከዳሽቦርድ የሚመረጡት የገጽ ቴምፕሌቶች፣ አናታቸው ላይ «ቴምፕሌት ኔም» የሚል መስመር የሚጻፍባቸው፣ አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ ባለ ፎልደር ቢቀመጡም ይገኛሉ። ስለዚህ እኔ የምከተለው አሠራር ሥርዓቱ በስማቸው የሚያውቃቸውን በዋናው ፎልደር መተው፣ ሰው የሚመርጣቸውን «ፔጅ-ቴምፕሌትስ» ውስጥ መሰብሰብ ነው። የዋናው ፎልደር ፋይሎች በዛ ማለት አያስጨንቀኝም፤ ስማቸው ደንቡን የተከተለ እስከሆነ ድረስ ዎርድፕረስን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያነባቸዋል። ሥርዓቱ የሚያውቀውን ስም ትቶ የራስን ስም መፍጠር ነው ቀጣዩን ሰው የሚያደክመው።

ስለ ስም ስናነሣ፣ በአማርኛ ለምንሠራ ሰዎች የተለየ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቅድም ያልነው ስለግ ነው። የገጹ ርዕስ በአማርኛ ሲጻፍ ስለጉም በአማርኛ ይፈጠራል፤ በዳታቤዙ ውስጥ ግን የሚቀመጠው በፐርሰንት ምልክት ተቀይሮ ነው። ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ሥርዓት አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ባይት ሲቀየር 3 ምልክት ስለሚሆን አንድ ፊደል 9 ምልክት ይፈጃል። ዎርድፕረስ ለስለግ የሚሰጠው ቦታ 200 ምልክት ስለሆነ ከ22 ፊደል ገደማ በኋላ ያለው ይቆረጣል። «የ9ኛ ክፍል አዲስ ተማሪዎች የምዝገባ መመሪያ» የሚል ርዕስ ሳይሟላ ይቀራል ማለት ነው። አድራሻው ተቀድቶ በቴሌግራም ሲላክም ብዙ ጊዜ በፐርሰንትና በቁጥር የተሞላ ረጅም መስመር ሆኖ ይወጣል።

ታዲያ ቴምፕሌትን በስለግ መሰየም የምንችል ቢሆንም፣ ከ4.7 ጀምሮም የአማርኛ ስለግን በፊደሉ የያዘ የገጽ ፋይል ስም የሚታወቅ ቢሆንም፣ እኔ አልመክረውም። ስለግ ከዳሽቦርድ የሚለወጥ ነገር ነው። ጸሐፊዋ አድራሻውን ለማሳጠር ስለጉን ያስተካክላሉ፤ በዚያው ቅጽበት ፋይሉ ከገጹ ጋር የነበረው ግንኙነት ይቋረጣል፣ የሚያስጠነቅቅም የለም። ፋይልን በጽሑፍ ዓይነት መሰየም፣ ወይም «ቴምፕሌት ኔም» ተጠቅሞ ምርጫውን በግልጽ ዳሽቦርድ ላይ ማሳየት፣ በሌላ ሰው እጅ ያለ ነገር ላይ ከመንጠልጠል ይሻላል። ሌላው ጥብቅ መሆን ያለበት ልማድ የፋይል ስምን ሁልጊዜ በትንንሽ የላቲን ፊደላት መጻፍ ነው። ዊንዶውስ ላይ በትልቅ ፊደል የተጀመረ ስምና በትንሽ የተጀመረው አንድ ተደርገው ይታያሉ፤ አብዛኛው የሆስቲንግ ሰርቨር የሚሠራበት ሊኑክስ ግን ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አድርጎ ያያቸዋል። በኮምፒውተር ላይ ሲሠራ የነበረ ቲም ሰርቨር ላይ ሲጫን ግማሹ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

በብዙ ቴምፕሌቶች የሚደጋገም ነገር፣ ለምሳሌ የዜና ካርድ፣ «ቴምፕሌት-ፓርትስ» በሚባል ፎልደር ለብቻው ይቀመጣል። ይህን ቁራጭ የሚጠራው ትእዛዝ ከ3.0 ጀምሮ ያለ ሲሆን ሁለት ስም ይቀበላል፤ «ኮንቴንት» እና «ኒውስ» ሲባል መጀመሪያ «ኮንቴንት-ኒውስ»ን፣ ከሌለ «ኮንቴንት»ን ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 5.5 ወዲህ ደግሞ ለቁራጩ መረጃ አብሮ መላክ ስለሚቻል፣ በጥቂት ቃል ብቻ የሚለያዩ ብዙ ቁራጮችን መፍጠር አያስፈልግም። ልኩን ማወቅ ግን ተገቢ ነው። በአንድ ቦታ ብቻ የሚሠራ አምስት መስመር ኮድ ተነጥሎ ፋይል ሲሆን አንባቢውን ከፋይል ወደ ፋይል ማንከራተት ነው፤ እኔ ቁራጭ የማደርገው ሁለተኛ ቦታ ሲያስፈልግ ነው።

ከገበያ የተገዛ ወይም በነጻ የወረደ ቲም ላይ የምንሠራ ከሆነ ቻይልድ ቲም፣ ማለትም በዋናው ቲም (በወላጁ) ላይ ተደግፎ የእኛን ለውጥ ብቻ የሚይዝ ቲም፣ ለድርድር የሚቀርብ ነገር አይደለም። በዋናው ቲም ፋይል ላይ በቀጥታ የተጻፈ ለውጥ ቲሙ ሲታደስ ይጠፋል፤ ይህን የፈራ ባለቤት ደግሞ ማደሱን ያቆማል፣ ድረ ገጹም ከነደኅንነት ቀዳዳው ይቀራል። ቻይልድ ቲም በራሱ ፎልደር ተቀምጦ የመልክ ደንቦች (ሲኤስኤስ) በሚጻፉበት በ«ስታይል ዶት ሲኤስኤስ» ፋይሉ አናት ላይ የወላጁን ፎልደር ስም ይጠቅሳል። የሚጠቀሰው የወላጁ የማሳያ ስም ሳይሆን የፎልደሩ ስም መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ አንድ ሰው ፎልደሩን እንደገና ሲሰይመው ልጁ ወላጁን አያገኘውም። ዎርድፕረስ ቴምፕሌት ሲፈልግ መጀመሪያ ልጁ ውስጥ፣ ቀጥሎ ወላጁ ውስጥ ስለሚያይ፣ መለወጥ የምንፈልገውን አንድ ፋይል ብቻ በተመሳሳይ ስም ልጁ ውስጥ ማስቀመጥ በቂ ነው። «ፋንክሽንስ» ግን ከዚህ ደንብ ውጭ ነው፤ ሁለቱም ይነበባሉ፣ የልጁም ቀድሞ ይነበባል። የወላጁን «ፋንክሽንስ» እንዳለ ወደ ልጁ የገለበጠ ሰው አንድ ስም ሁለት ጊዜ ስለሚታወጅ ድረ ገጹ በሙሉ ይቆማል። የወላጁን ፋይሎች በጅምላ ወደ ልጁ መቅዳትም ጥቅሙን ያጠፋዋል፤ በልጁ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ፋይል ከወላጁ እድሳት ተነጥሎ በእኛ ኃላፊነት ሥር የወደቀ ነው፣ ስለዚህ ቢያንስ መልካም ነው።

«ፋንክሽንስ» ሲያድግ አይቶ ዝም የሚል ብዙ ነው። የቅርጸ ፊደል ጥሪ፣ የምናሌ ምዝገባ፣ የምስል ልክ፣ የቀን መቀየሪያ፣ ሁሉም እዚያ ይከማቻል። እኔ «ፋንክሽንስ»ን የማውጫ ገጽ ያህል አጭር አድርጌ፣ ዝርዝሩን «ኢንክ» በሚባል ፎልደር ውስጥ በየጉዳዩ እከፋፍለዋለሁ። ለዚህ ከንባብ ምቾት ሌላ የሰፈራችን የራሱ ምክንያት አለ። መብራት በድንገት በሚጠፋበት አካባቢ በኤፍቲፒ (ፋይልን ወደ ሰርቨር በመላኪያ መንገድ) እየተጫነ ያለ ፋይል ግማሽ መንገድ ላይ ሊቋረጥ ይችላል፤ የተቋረጠው «ፋንክሽንስ» ከሆነ ደግሞ ኮዱ ሳይዘጋ ስለሚቀር ድረ ገጹ አይከፈትም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 5.2 ጀምሮ ዎርድፕረስ እንዲህ ያለ ብልሽት ሲገጥመው ለአስተዳዳሪው ኢሜይል የማገገሚያ መግቢያ ይልካል፤ አስተዳዳሪ ተብሎ የተመዘገበው አድራሻ ግን ብዙ ጊዜ ከዓመታት በፊት ሥራውን የለቀቀው ሰው ነው። ስንረከብ መጀመሪያ ልናይ የሚገባን ይህ አድራሻ ነው። በሕይወት ያለ ድረ ገጽ ላይ ፋይልን በቀጥታ ከማረም ይልቅ፣ አዲሱን ቲም በሌላ ፎልደር ስም ሙሉ በሙሉ ጭኖ፣ መድረሱን አረጋግጦ፣ ከዚያ ፎልደሩን መቀያየር የበለጠ አስተማማኝ ነው፤ ቻይልድ ቲም ካለ ግን ቅድም ያልኩትን የፎልደር ስም ማስታወስ ያስፈልጋል።

ለአማርኛ ድረ ገጽ የቅርጸ ፊደል ፋይሎች ቦታ ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ»ም ሆነ «አቢሲኒካ ኤስአይኤል» በነጻ ፈቃድ የሚሰራጩ ስለሆኑ በቲሙ «አሴትስ» ፎልደር ውስጥ «ፎንትስ» በሚል ማስቀመጥ ይቻላል። ከሌላ አገልግሎት በየጊዜው ከመጥራት ይህን የምመርጠው አንባቢዎቻችን በአብዛኛው በስልክ፣ በተገዛ የዳታ ጥቅል የሚያነቡ በመሆናቸው ነው። ፋይሉ በታመቀው ዎፍ 2 ቅርጽ ከሆነና በሲኤስኤስ ውስጥ ለኢትዮፒክ የዩኒኮድ ክፍል ብቻ እንዲያገለግል ከተገደበ፣ የአማርኛ ፊደል በሌለበት ገጽ ላይ ጨርሶ አይወርድም። ዎርድፕረስ ከ6.5 ጀምሮ ቅርጸ ፊደልን ከዳሽቦርድ መጫን ያስችላል፤ በዚያ መንገድ የተጫነው ግን ከቲሙ ፎልደር ውጭ ከተጫኑ ምስሎች ጎን ይቀመጣል። የዋናው ጽሑፍ ፊደል ከመስመር ርቀቱና ከርዕሱ መጠን ጋር አንድ ሆኖ የተለካ ስለሆነ አብሮ ቲሙ ውስጥ መኖር አለበት ብዬ አምናለሁ። በወላጅ ቲም ውስጥ ለላቲን ተብለው የተጻፉ ደንቦችንም ልጁ ውስጥ ማረም ያስፈልጋል፤ የጠበበው የመስመር ርቀት ለግእዝ ፊደል አይበቃም፣ ሰያፍ የሚያደርገው ትእዛዝም ሰያፍ ቅርጽ የሌለውን ፊደል በግድ ያጋድመዋል። እነዚህን እርማቶች በሲኤስኤሱ ውስጥ እዚህም እዚያም ከመበተን «አማርኛ» የሚለውን በሚያመለክት ስም በአንድ ፋይል መሰብሰብ ይሻላል፤ ወላጁ በተቀየረ ጊዜ አብሮ የሚሄደው ይህ ፋይል ነው።

የቀን አጻጻፍም እንዲሁ ነው። ትምህርት ቤቱ መስከረም ሲል ወላጆች የሚረዱት መስከረምን ነው፤ ዎርድፕረስ ደግሞ ቀኑን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ያወጣል። ዎርድፕረስ በተጻፈበት በፒኤችፒ ቋንቋ «ኢንትል» የሚባለው ተጨማሪ ክፍል የኢትዮጵያን አቆጣጠር ስለሚያውቅ፣ 13ኛውን ወር ጳጉሜን ጨምሮ በትክክል መቀየር ይችላል፤ ሰርቨሩ ላይ መጫኑን አስቀድሞ ማየት ግን ያሻል። ይህን መቀየሪያ በየቴምፕሌቱ የሚጽፉ አሉ። ቀን የመቀየር ሥራ መልክ አይደለም፤ ቲም ሲቀየር መቆየት ያለበት ነው፤ ስለዚህ በትንሽ ፕለጊን አስቀምጠዋለሁ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዳሽቦርድ ሊጠፋ በማይችለው «ኤምዩ-ፕለጊንስ» ፎልደር። እዚያ የሚቀመጥ ፋይል በፎልደሩ ውስጥ በቀጥታ መሆን አለበት፤ በንዑስ ፎልደር ከገባ በራሱ አይነበብም። ቴምፕሌቱ መቀየሪያው መኖሩን ጠይቆ ካለ ይጠራዋል፣ ከሌለ የተለመደውን ቀን ያወጣል።

እስካሁን ያልኩት በአብዛኛው ነባሩን ዓይነት ቲም የሚመለከት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ5.8 ጋር «ቲም ዶት ጄሰን» የሚባለው የማስተካከያ ፋይል፣ በ2022 ደግሞ ከ5.9 ጋር ሙሉው የገጽ አርታኢ ከመጣ ወዲህ በብሎክ፣ ማለትም ገጹ በሚገነባባቸው ቁርጥራጮች፣ የሚሠሩ ቲሞች ተስፋፍተዋል። በእነዚህ ውስጥ ቴምፕሌቶቹ የኤችቲኤምኤል ፋይሎች ሲሆኑ «ቴምፕሌትስ» እና «ፓርትስ» በሚባሉ ፎልደሮች መቀመጣቸው ግዴታ ነው፤ ቀድሞ በዋናው ፎልደር ካልሆነ የማይገኘው እዚህ ፎልደር ውስጥ ካልገባ አይገኝም። «ፓተርንስ» ውስጥ የተቀመጡ ንድፎች ከ6.0 ጀምሮ በራሳቸው ይመዘገባሉ። ቀለሙ፣ የፊደል መጠኑና ክፍተቱ በ«ቲም ዶት ጄሰን» በአንድ ቦታ ስለሚታወጅ፣ ሲኤስኤስን በማሳደድ የሚባክነው ጊዜ በእጅጉ ቀንሷል፤ ይህን አዲስ አሠራር ከልብ እወደዋለሁ።

አንድ ትልቅ ነገር ግን ከመጀመሪያው መታወቅ አለበት። ባለቤቱ ወይም ጸሐፊዋ በገጽ አርታኢው ገብተው ፉተሩን (የገጹን ግርጌ) ሲያስተካክሉ ለውጡ የሚቀመጠው በፋይሉ ላይ ሳይሆን በዳታቤዙ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላም ዎርድፕረስ የሚያየው የዳታቤዙን ነው። ባለሙያው የፉተሩን ፋይል አስተካክሎ ሰርቨሩ ላይ ሲጭን ምንም አይለወጥም። ካሹን (ጊዜያዊ ቅጂውን) ያጸዳል፣ ብራውዘር ይቀይራል፣ ፋይሉን ደጋግሞ ይጭናል፤ ፋይሉ ግን ከነጭራሹ እየተነበበ አይደለም። አርታኢው ውስጥ ያንን ክፍል ወደ መጀመሪያው መመለስ የሚያስችል ትእዛዝ አለ፤ እሱ ሲነካ የዳታቤዙ ይሰረዝና ፋይሉ እንደገና ይነግሣል፤ ጸሐፊዋ ያስተካከሉትም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከመመለስ በፊት በዳታቤዝ ያለውን ወደ ፋይል ማውረድ ያስፈልጋል፤ «ክሪኤት ብሎክ ቲም» የሚባለው ፕለጊን ይህን ይሠራል። መጀመሪያ ያነሣሁት ጥያቄ፣ ማን ነው የሚለውጠው የሚለው፣ በብሎክ ቲም ላይ ከሁሉ ይበልጥ ይጠብቃል። ሥራ ስረከብ ከባለቤቱ ጋር በግልጽ የምነጋገረው ይህን ነው፤ የገጹን አካል እነሱ ከዳሽቦርድ ይለውጣሉ፣ ሄደሩንና ፉተሩን ግን በፋይል እኔ እለውጣለሁ፣ የተጠቃሚ መብቱም እንደዚያው ይወሰናል። ለጸሐፊዋ የአስተዳዳሪ ሳይሆን የአርታኢ መብት መስጠት በቂ ነው፤ በአርታኢ መብት ዜናና ገጽ ይጻፋል፣ ቴምፕሌት ግን አይነካም።

እንደ ዎርድፕረስ ባሉት ሌሎች የድረ ገጽ መሥሪያዎች፣ በድሩፓል ወይም በጁምላ፣ ለሚሠሩም ሐሳቡ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የፎልደሩ ስም ነው። ድሩፓል እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው 8 ጀምሮ ትዊግ የሚባለውን የቴምፕሌት መጻፊያ ይጠቀማል፤ የቴምፕሌቱም ስም ከልዩ ወደ አጠቃላይ በሁለት ሰረዝ እየተለየ ይሄዳል፣ ራሳችን የሠራነውና ከሌላ ያመጣነውም «ከስተም» እና «ኮንትሪብ» በሚሉ የተለያዩ ፎልደሮች እንዲቀመጡ ይመከራል። የትዊግን የማረሚያ ሁኔታ ሲያበሩት ገጹን ያወጣው የትኛው ፋይል እንደሆነና ምን ሌላ ስም ሊሰጠው ይችል እንደነበር በምንጩ ላይ ያሳያል፤ ይህ ለዎርድፕረስም ቢኖር የምመኘው ነው። በጁምላ የዋናውን ክፍል አወጣጥ ለመለወጥ በቴምፕሌቱ ውስጥ «ኤችቲኤምኤል» በሚባል ፎልደር ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ይቀመጣል፤ አሠራሩ ከቻይልድ ቲም ጋር በጣም ይቀራረባል።

በመጨረሻ በእያንዳንዱ ቲም ውስጥ «ሪድሚ» የሚባል አጭር የጽሑፍ ፋይል አኖራለሁ። በአማርኛ እጽፈዋለሁ፤ ባለቤቱም ከፍቶ ማንበብ እንዲችል። በውስጡ ወላጅ ቲሙ የትኛው እንደሆነና ፎልደሩ ለምን እንደገና መሰየም እንደሌለበት፣ ልጁ ውስጥ ያሉት ፋይሎች እያንዳንዳቸው ለምን ከወላጁ እንደተለዩ፣ ቲሙ የትኞቹ ፕለጊኖች መኖራቸውን እንደሚጠብቅ፣ ስልክ ቁጥርና አድራሻ ከዳሽቦርድ የት እንደሚለወጡ፣ የጊት ማከማቻው በማን ስም እንደተከፈተ ይጻፋል። ማከማቻው በእኔ ሳይሆን በድርጅቱ ኢሜይል እንዲከፈት አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ የዶሜይኑና የሆስቲንጉ ምዝገባም እንዲሁ። የይለፍ ቃል ግን በዚህ ፋይል ውስጥ አይጻፍም፤ የቲሙ ፎልደር ከውጭ በአድራሻ የሚደረስበት ስለሆነ የጽሑፍ ፋይል በማንም ሊነበብ ይችላል። ባለቤቱ የይለፍ ቃሎቹን በወረቀት ጽፎ ከንግድ ፈቃዱ ጋር ቢያስቀምጥ ይሻላል።